ዲሽ አለኝ፣ ሪሲቨር አለኝ፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም

መነሻው

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ያገለገለች አርቪ፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት ያላት የጉዞ መኪና ገዛን፤ የምትጎተት ሳትሆን የራሷ ሞተር ያላት ናት። ጊዜ ባገኘን ቁጥር ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች እንወጣለን። የምናድርባቸው ጫካዎች ውስጥ የስልክ ሲግናል የሚባል ነገር የለም፤ ማታ ማታ ዜናና ኳስ ለማየት ሳተላይት ያስፈልገናል። ከሰው እጅ አንድ ጉልላት መሳይ ተንቀሳቃሽ ዲሽ ገዛሁ። ሳሎን ያለውን ሪሲቨር ነቅዬ አርቪዋ ውስጥ ሰካሁት። ዲሹ ድምፅ አያሰማም፤ ቴሌቪዥኑ ሲግናል የለም ይላል። ኬብሉን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ዲሹ ተበላሽቶ ይሆን ወይስ እኔ ያላወቅሁት ነገር አለ? ለመሆኑ ለአርቪ የሚስማማ ዕቃ የሚመረጠው ከምን ተነሥቶ ነው?

መልሶቹ

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ በውይይት መድረክ ለጥፌው ነበር፤ ክሩ፣ ማለትም ከሥሩ የተከታተለው ምልልስ፣ አሁን 34 መልስ አለው። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው፣ ወይም እንደ እኔ ዕቃውን ከገዛ በኋላ ለሚጠይቅ ሰው፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየተከተልኩ በራሴ ቃል እተርካለሁ። የተሳሳቱትንም አልዘልም፤ የመጀመሪያው ስሕተት የእኔው ነበርና።

1ኛው መልስ የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሰላምታው ብቻ ሁለት መስመር ይሆናል፤ አንቱ እያለ ነው የሚጽፍልኝ። ምክሩ ቀላል ነበር፦ የሪሲቨሩን ማስተካከያ ገጽ ከፍቼ የአንቴናውን ዓይነት እንድመርጥ፣ ከዚያም ሪሲቨሩ የተገናኘውን ዕቃ ራሱ እንዲፈትሽ እንዳዝዘው። 2ኛው ተስማማ፤ በዚያው ገጽ ላይ ቴይልጌተር የሚለው ካልተመረጠ ጉልላቱ ትእዛዝ እንደማይደርሰው ጨመረ። እኔም ገጹን ፍለጋ ገባሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ርቀት መቆጣጠሪያውን ይዤ ከምናሌ ወደ ምናሌ ተንከራተትኩ፤ እንዲህ ያለ ገጽ ሣጥኑ (ሪሲቨሩ) ውስጥ የለም። ባለቤቴ መጨረሻ ላይ መብራቱን አጥፍታ ተኛች።

3ኛው ከጥያቄዬ ጋር ብዙም የማይገናኝ ታሪክ ነበር። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተከለው ዲሽ ሌሊት በነፋስ ወድቆ ጠዋት ከጎረቤት መኪና ሥር እንዳገኘው ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ከመቆሚያው መሃል የውኃ ጀሪካን ሳያንጠለጥል አያድርም። ዝም ብዬ አመሰገንኩ፤ ጀሪካኑን ግን አልረሳሁትም።

ነገሩን የገለጠው 4ኛው ነው፤ ከሁሉም ያጠረ መልስ። ዲሽ ስል የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀ። በእኛ አፍ ሳህኑም ጉልላቱም፣ ጣሪያ ላይ የተተከለ ሁሉ ዲሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ዲሽ ኔትወርክ የሚባል ኩባንያ አለ፤ ዋናው ተወዳዳሪው ደግሞ ዳይሬክቲቪ ነው። 1ኛውና 2ኛው ሰዎች ዲሽ አለኝ ስል የዲሽ ኔትወርክ ደንበኛ ነኝ ያልኩ መስሏቸው የማላውቀውን ገጽ ያስፈልጉኝ ነበር። ቀይ እስክሆን አፈርኩ። የእኔ ደንበኝነት ከዳይሬክቲቪ ነው።

5ኛው የእኔ ነው። የሣጥኑን ሥርና የጉልላቱን ግርጌ በባትሪ መብራት አይቼ የተጻፈውን ገለበጥኩ። ሣጥኑ የዳይሬክቲቪ ጂኒ ነው። (በእኛ ፊደል ሲጻፍ ደስ የሚል ስም እንዳልሆነ ይገባኛል፤ እኔ አላወጣሁትም።) ጉልላቱ ላይ ደግሞ ቴይልጌተር የሚል አለ።

6ኛው ለረጅም ዓመታት የሳተላይት ዕቃ ሲገጥም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ባለሙያው እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ደጋግሞ ይመጣልና። መልሱ ረጅም ነበር፤ ብዙው ሰው የተማረውም ከእሱ ይመስለኛል። ቴይልጌተር የተሠራው ለዲሽ ኔትወርክ ሪሲቨር ብቻ ነው። ጉልላቱ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፤ ኃይሉንም ትእዛዙንም የሚያገኘው ሪሲቨሩ በዚያው በአንድ ኬብል ከሚልክለት ነው። ጂኒ ያንን ትእዛዝ አያውቀውም። ስለዚህ ድምፅ ያላሰማው ተበላሽቶ ሳይሆን የሚያዝዘው ስላጣ ነው።

ቀጥሎም ሰው ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት እንደሚገዛ ወቀሰ። በዐይን የሚታየው ትልቁ ዕቃ ዲሹ ስለሆነ ሁሉም ከእሱ ይጀምራል። እሱ የሚለው ግን መጀመሪያ ደንበኝነቱ፣ ከዚያ ሪሲቨሩ፣ ከዚያ ሪሲቨሩ የሚቀበለው አንቴና፣ መጨረሻ ላይ ኬብሉና በመሃል ያለው ሁሉ ነው። አንቴና የገዛ ሰው ሪሲቨር የመረጠ አይመስለውም፤ መርጧል፤ ሳያውቅ ነው የመረጠው።

ታዲያ ዳይሬክቲቪዬን ይዤ ሌላ ጉልላት ብገዛስ? ይህንንም ሳልጠይቀው መለሰ። የዳይሬክቲቪ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ99፣ በ101 እና በ103 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ተደርድረዋል። የ101ዱ ኬዩ ባንድ በሚባለው የሞገድ ክልል፣ ማለትም በ12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይልካል። ኤችዲ ቻናሎቹ ግን በብዛት የሚመጡት ከ99 እና ከ103 በኬኤ ባንድ፣ በ18 እና በ20 ጊጋኸርዝ መካከል ነው። ለካምፕ የሚሸጡት ትናንሽ ጉልላቶች የኬኤ ባንድን አይቀበሉም። በዳይሬክቲቪ ኤችዲ ማየት የሚፈልግ የአርቪ ባለቤት ሦስቱንም ሥፍራ በአንድ ጊዜ የሚያይ ሞላላ ሳህን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ መትከል፣ ወይም ጣሪያ ላይ የሚታጠፍና ራሱ የሚነሣ ትልቅ አንቴና ማስገጠም አለበት።

7ኛው በዚህ አልተስማማም። ጎረቤቱ በትንሽ ጉልላት ዳይሬክቲቪ ሲያይ በዐይኑ እንዳየ ምሎ ጻፈ። 8ኛው የባለሙያው ማስተካከያ ነው፤ መሐላውን አልካደም። ጎረቤቱ ያየው ከ101 ብቻ የሚመጣውን፣ ጥራቱ ዝቅ ያለውን ሥርጭት ነው። በዚያ ላይ ሪሲቨሩም የቆየ መሆን አለበት፤ ኤች24 የተባለው ሞዴል በአሮጌውም በአዲሱም የኬብል አሠራር ይሠራል፤ ከኤች25 ጀምሮ ግን ሪሲቨሮቹ የሚገባቸው ገጣሚዎች ስዊም የሚሉትን፣ በአንድ ኬብል ብዙ ቻናል የሚያስኬደውን አሠራር ብቻ ነው። ትናንሾቹ ጉልላቶች ደግሞ ስዊም አይናገሩም። 7ኛው ሰው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

ከ9 እስከ 13 ያለው ጠብ ነው። 9ኛው ሰው በጨዋ ቃል ጀመረ፤ ዳይሬክቲቪውን ትቼ ወደ ዲሽ ኔትወርክ ብዞርና ሆፐር የሚባለውን ትልቁን ሣጥናቸውን ብይዝ ቤትም መንገድም ለሁሉ እንደሚበቃኝ አስረዳኝ። ባለሙያው በ10ኛው ላይ ጣልቃ ገባ። ሆፐር ብዙ ቻናል በአንድ ጊዜ ስለሚቀዳ ሳተላይቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል፤ ጉልላት ግን አንድ ዐይን ነው ያለው፤ አንዱን ሳተላይት ለማየት ከሌላው ፊቱን ያዞራል። ለጉልላት የሚሆነው ዋሊ የሚባለው ትንሹ፣ አንድ ቻናል ብቻ የሚያሳየው ሪሲቨር ነው አለ። 11ኛው ላይ የ9ኛው ሰው ተቆጣ። ለእኔ አንቱ ይል የነበረው ሰው ባለሙያውን አንተ ብሎ አንስቶ አስቀመጠው። አሪዞና በረሃ ውስጥ አራት ክረምት በሆፐር እንዳየ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ያየው ምን እንደሆነ እንዲነግሩት ጠየቀ። ባለሙያው በ12ኛው አልተሳደበም፤ አንቴናህ ምን ዓይነት ነው የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበ። በ13ኛው ላይ መልሱ ወጣ፦ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተተከለ፣ ሦስት ሳተላይት በአንድ ጊዜ የሚያይ ኤልኤንቢ (ከሳህኑ ፊት ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ) ያለው ሳህን።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንዱ ስለ ጉልላት፣ አንዱ ስለ ሳህን ያወራሉ፤ ሁለቱም ዲሽ ይሉታል። 4ኛው ሰው መጥቶ ምንም ሳይጽፍ የሣቅ ምልክት ብቻ አስቀመጠ።

14ኛው ለልጆቹ መኝታ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ማከል የሚፈልግ አባት ነው። 15ኛው አጭር መልስ ሰጠው፤ ሁለት መውጫ ያላቸው ጉልላቶች አሉ፤ ግን ሁለተኛው ሪሲቨር የመጀመሪያው ከመረጠው ሳተላይት አይወጣም። አባት ኳስ ያለበትን ሳተላይት ከያዘ ልጆቹ ከዚያው ሳተላይት ላይ የሚገኘውን ይመርጣሉ። ቤት ውስጥ የሚነሣውን ጭቅጭቅ መገመት አያስቸግርም።

16ኛውን ከሁሉ አስበልጣለሁ። የጻፈችው ቤቷን ሸጣ ዓመቱን ሙሉ አርቪ ውስጥ የምትኖር እኅት ናት። ስለ ሣጥን አንድ ቃል አላነሣችም፤ ያነሣችው ዛፍ ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀው ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞሩ ከእኛ ሲታዩ ቦታቸውን አይለቁም። ዛፍ ከጋረዳቸው ጋረዳቸው፤ ቢጠብቁም አይወጡም። ዲሽ ኔትወርክ ሁለት ቡድን ሳተላይት አለው፤ የምዕራቡ በ110፣ በ119 እና በ129 ዲግሪ፣ የምሥራቁ በ61.5 እና በ72.7 ዲግሪ ምዕራብ። ከቨርጂኒያ ሲታይ የ129ኙ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው ያለው። የምሥራቆቹ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ናቸው። ዛፉ ከዲሹ በ15 ሜትር ከፍ ቢል ለ129ኙ ከዛፉ 41 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ለ61.5ቱ 17 ሜትር ይበቃል። የካምፕ ሥፍራ ውስጥ 17 ሜትር ይገኛል፤ 41 ሜትር ማን ይሰጣል?

አለካኳም ደስ ይላል። ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ጡጫ መጨበጥ፤ የጡጫው ቁመት ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። ከአድማስ ጀምሮ አንዱን ጡጫ በሌላው ላይ እየደረቡ መቁጠር፤ ሁለት ጡጫ የ129ኙ ቦታ ነው፤ አራት ጡጫና ትንሽ የምሥራቆቹ። እኔም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአርቪዋ ወርጄ ወደ ደቡብ ዞሬ ጡጫዬን ስደራርብ ከጎን ያለው ሰፈርተኛ ጠብ የፈለግሁ መስሎት በሩን ዘጋ። ግን ሠራ። ሁለተኛው ጡጫዬ የኦክ ዛፍ ሆድ ላይ አረፈ፤ አራተኛው ባዶ ሰማይ ላይ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ጨምራለች፤ ለምሥራቁና ለምዕራቡ ቡድን የሚሆኑት የሳህን ኤልኤንቢዎች የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱን ገዝቶ በሌላው መጠቀም አይቻልም። ከሰው እጅ ሲገዛ ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

17ኛው አቅጣጫውን በስልኩ ኮምፓስ እንደፈለገና እንዳልሠራለት አማረረ። 18ኛው ሁለት ምክንያት ሰጠው። አንደኛ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የኮምፓሱ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ስልኩ ላይ እውነተኛው ሰሜን የሚለው ካልተመረጠ ያን ያህል ይስታል። ሁለተኛ፣ ኮምፓሱን ከአርቪው ብረት አጠገብ ቆሞ ማየት አይገባም፤ አሥር እርምጃ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ጉልላት ሳተላይቱን ራሱ ይፈልጋልና ኮምፓሱ ለእሱ አያስፈልግ ይሆናል፤ መኪናዋን የት እንደሚያቆም ለሚመርጥ ሰው ግን ያስፈልጋል።

19ኛውና 20ኛው ስለ አካባቢ ቻናሎች ናቸው። ከቤቱ ሦስት ክፍለ ሀገር ርቆ የሄደው ሰው ሌላው ሁሉ እየሠራ የከተማው ዜና ለምን እንደጠፋበት ይጠይቃል። የአካባቢ ቻናሎች የሚላኩት በጠባብ ጨረር ነው፤ ጨረሩ የሚያርፍበት አካባቢ ካለቀ ዲሹ ምንም ጥሩ ቢሆን አይቀበለውም። ኩባንያውን አግኝቶ አሁን ያሉበትን አድራሻ ማስመዝገብ ነው መፍትሔው፤ ያኔ የሚመጣው ግን የዚያ የደረሱበት አካባቢ ዜና ነው። ሰውየው የማያውቀውን ከተማ የአየር ጠባይ ለማየት አድራሻ አይቀይርም ብሎ ትቶታል።

21ኛው ላይ ክሩ ከጥያቄዬ ወጣ። አንድ ሰው በዚሁ ጉልላት የሀገር ቤት ቻናሎችን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 22ኛው በትዕግሥት አስረዳ፤ ሰሜን አሜሪካ ላይ ያለ ክፍያ የሚታዩ የልዩ ልዩ ሀገሮች ቻናሎች ለዓመታት ሲተላለፉ የቆዩት በ97 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ሞገዱ ግን ቀጥተኛ ፖላራይዜሽን (የሞገዱ አወዛወዝ) ስላለው ክብ ፖላራይዜሽን ለሚቀበሉት የዲሽ ኔትወርክና የዳይሬክቲቪ ኤልኤንቢዎች አይሆንም፤ ሌላ ሳህን፣ ሌላ ኤልኤንቢ፣ ሌላ ሪሲቨር ይጠይቃል። 23ኛው ኢትዮሳትን ለምን አታዩም ብሎ ገባ። ባለሙያው በ24ኛው ላይ ያቺን በ12ኛው ያሳየውን ትዕግሥት አላሳየም፤ ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ ከቨርጂኒያ ለሚያየው ሰው ከአድማስ በታች እንደሆነ፣ ዲሹን ወደ እሱ ለማዞር መሬቱን መቆፈር እንደሚያስፈልግ ጽፎ፣ ሌላ ጥያቄ ያለው ሌላ ክር ይክፈት ሲል ደመደመ። ቃሉ ከረር ያለ ነበር። እኔ ግን ስለ መቆፈሩ ሣቅሁ።

25ኛውን እጠብቀው ነበር፤ ዘግይቶ መምጣቱ ነው የገረመኝ። ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ባለበት ዘመን ስለ ጉልላትና ስለ ሣጥን ማውራት ጊዜ ማጥፋት ነው ይላል። ኢንተርኔቱ ካለ ፊልሙም ኳሱም በዚያው ይመጣል፤ የአካባቢ ጨረር የለ፣ የኬኤ ባንድ የለ። በ2024 ዳይሬክቲቪ ዲሽ ኔትወርክን ለመግዛት ተስማምቶ ስምምነቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መፍረሱንም ጠቅሶ፣ ወደፊታቸው ያልታወቀ ኩባንያዎች ዕቃ መግዛት ሞኝነት እንደሆነ ጨመረ።

26ኛው የዚያች የ16ኛዋ እኅት መልስ ነው፤ እሷም ስታርሊንክ አላት። ዛፍን በተመለከተ ስታርሊንክ የባሰ መራጭ ነው ትላለች። የእሱ ሳተላይቶች 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚያልፉ አንዱ ሲሄድ ሌላውን መያዝ አለበት፤ ለዚህም ሰፊ ሰማይ ይፈልጋል። ለቴሌቪዥን ዲሽ በቅርንጫፎች መካከል ያለ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል። ባትሪውንም አሰላችው። ሚኒ የተባለው ትንሹ ስታርሊንክ ከ25 እስከ 40 ዋት ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ከግማሹ በላይ አይወሰድም፤ ስለዚህ በእጅ ያለው 600 ነው። ማታ አምስት ሰዓት ቢታይ እስከ 200 ዋት ሰዓት ይሄዳል፤ ይኸውም ሲሶው ነው፤ መብራቱም ማሞቂያውም ገና አልተቆጠሩም። 27ኛው የ25ኛው ሰው ነው፤ ጣሪያው በሶላር የተሸፈነ መሆኑን አስታውቆ ባትሪ መቁጠር የድሮ ሰው ሥራ ነው አለ። እኅታችን 28ኛው ላይ ያለችበትን ጫካ ፎቶግራፍ ለጠፈች፤ ሰማይ አይታይበትም። ሌላ ምንም አልጻፈችም። ሶላርም ዛፍ ሥር ምን እንደሚሆን ለመናገር መጻፍ አላስፈለጋትም።

29ኛው እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጉልላቱን ከመጣል ሣጥኑን መለወጥ ይሻላል ብዬ ዋሊ ገዝቻለሁ፤ ዲሽ ኔትወርክ ለአርቪ በየወሩ የሚከፈልና በፈለጉ ጊዜ የሚቋረጥ ደንበኝነት ስላለው እሱን ይዣለሁ። ጂኒው ወደ ሳሎኑ ተመልሷል። ጉልላቱን ውጭ ሣር ላይ አስቀምጬ ኬብሉን አርቪዋ ጎን ላይ ኬብል ተብሎ ከተጻፈበት መሰኪያ፣ ዋሊውን ደግሞ ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው መሰኪያ አገናኘሁ። አሁንም ድምፅ የለም። ኬብሉን በመስኮት አስገብቼ በቀጥታ ከዋሊው ጋር ሳገናኘው ጉልላቱ ወዲያው መዞር ጀመረ። በመስኮት ይሠራል፤ በግድግዳ አይሠራም። መስኮቱ ተከፍቶ ደግሞ ትንኝ አላስተኛንም።

30ኛው የግድግዳው ውስጥ ኬብል አሮጌ ይሆናል ብሎ ገመተ፤ በቆዩ አርቪዎች ውስጥ ቀጭኑ አርጂ59 እንደሚገኝና ለሳተላይት የሚመከረው አርጂ6 እንደሆነ አስረዳ። 31ኛው የባለሙያው ነው። ኬብሉ ቢያረጅ ምስሉ ይደክማል እንጂ ጉልላቱ ጭራሹን ዝም አይልም አለ፤ ዝምታው ኃይል እንዳልደረሰው ያሳያል፤ ስለዚህ በመሃል ኃይሉን የሚበላ ነገር አለ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቁልፍና አረንጓዴ መብራት ያላት የግድግዳ ሳህን እንዳለች ጠየቀኝ። አለች። ለጣሪያው የአየር አንቴና 12 ቮልት የምትልክ ማጉያ ናት፤ ለሳተላይት መንገድ አትሰጥም። ብሎኖቿን ፈትቼ ከኋላዋ ያለውን እንዳይ አዘዘኝ።

32ኛው ላይ ያየሁትን ጻፍኩ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ በጣቴ እየዳሰስኩ ፈለግሁት። ከጎኗ አውራ ጣት የምታክል የብረት ሣጥን ተንጠልጥላለች፤ አንድ መግቢያ፣ ሁለት መውጫ፤ ከውጭው መሰኪያ የሚመጣው ኬብል እሷ ላይ ያበቃል። አቧራዋን በሸሚዜ ጫፍ ስጠርግ ከ5 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ የሚል ወጣ። ባለሙያው በ33ኛው ላይ ይህን ቁጥር ሲያይ የተደሰተ ይመስለኛል። ከዲሽ በኬብል የሚወርደው ሞገድ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው፤ ስፕሊተሯ፣ ማለትም ኬብሉን ለሁለት የምትከፍለው ያቺ የብረት ሣጥን፣ የምታሳልፈው የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ነበር፤ ሪሲቨሩ ወደ ጉልላቱ የሚልከውን ኃይል ደግሞ ጭራሽ አታሳልፍም። ስፕሊተሯን አውጥቼ ሁለቱን ኬብሎች ጫፍ ለጫፍ በሚያያይዝ ማገናኛ እንዳገጥማቸው፣ ለሳተላይት የሚሆነውንም መሰኪያ ምልክት እንዳደርግበት ነገረኝ። እንዳለኝ አደረግሁ፤ ማገናኛዋ ከጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም።

34ኛው የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ያ ሁለት መስመር ሰላምታ የነበረው። ክሩን እስከ ታች አንብቦ አሁንም አንቱ እያለኝ፣ ዋሊ ከያዝኩ ያ መጀመሪያ የነገረኝ ገጽ አሁን እንደሚገኝ አስታወሰኝ። ገጹ አለ። ከፈትኩት፤ 2ኛው ሰው እንዳለውም ቴይልጌተር የሚለውን መረጥኩ፤ መስኮቱን ዘጋሁ። ውጭ ሣሩ ላይ ጉልላቱ አንድ ጊዜ ጮኸና መዞር ጀመረ።